ጠፋ ስለተባለው የታስማኒያ አውሬ

በቋንቋችን «ጠፋ» የምንለው ግስ ሁለት ፍቺ አለው። ከመንጋው የተለየ በግ ጠፋ ይባላል፤ እረኛውም ጥሻ ለጥሻ እየዞረ፣ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ «አይታችሁልኛል ወይ?» እያለ ሲፈልገው ያመሻል። ዘሩ ከምድር ላይ ያለቀ ፍጥረትም እንዲሁ ጠፋ ይባላል፤ ያንን ግን ወጥቶ የሚፈልገው የለም። ከአውስትራሊያ በስተደቡብ በምትገኘው በታስማኒያ ደሴት ይኖር የነበረ አንድ አውሬ ከ1936 ወዲህ በእነዚህ ሁለት ፍቺዎች መካከል ተንጠልጥሎ ይገኛል። መንግሥት መዝገቡን ዘግቶ አልቋል ብሏል፤ በገጠሩ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ በመኪናዬ መብራት አየሁት ማለቱን አልተወም። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱ ወገኖች እውነቱ ከየትኛው ዘንድ እንዳለ ለመመርመር ይሞክራል። ጉዳዩ ለሥነ እንስሳት ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። አውሬውን ማን እንዳጠፋው፣ በምን ምክንያት እንዳጠፋው፣ «ጠፋ» የሚለውንስ ቃል በመዝገብ ላይ ያሰፈረው ማን እንደሆነ የታሪክ ጥያቄ ነውና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አውሬው ታይላሲን ይባላል። እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች አንዴ «የታስማኒያ ነብር»፣ አንዴ «የታስማኒያ ተኩላ»፣ ሌላ ጊዜም «ጅብ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ሦስቱም ስሞች የተሳሳቱ ናቸው። ከነብርም፣ ከተኩላም፣ ከጅብም ጋር ዝምድና የለውም፤ የሚዛመደው እንደ ካንጋሩ ልጆቻቸውን በሆዳቸው የቆዳ ኪስ ከሚያሳድጉት እንስሳት ጋር ነው። (ነብር ያሰኘው በጀርባው ላይ ያሉት መስመሮች ሲሆኑ፣ የእኛው ነብር ባለ ነጠብጣብ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።) ራሱ የውሻ ራስ ይመስላል፤ ሳይንሳዊ ስሙም «የውሻ ራስ ያለው ባለ ኪስ» እንደማለት ነው። ጠጉሩ ቡላማ ሆኖ ከወገቡ እስከ ጅራቱ ሥር ከ13 እስከ 21 የሚደርሱ ጥቋቁር መስመሮች ይታዩበታል። ጅራቱ እንደ ውሻ ጅራት የሚወዛወዝ ሳይሆን ደረቅና ከሥሩ ወፍራም ነው። አፉን ሲከፍት ለማየት በሚያስደነግጥ ስፋት ይከፍተዋል። ሴቷ ብቻ ሳትሆን ወንዱም ኪስ ነበረው። የድሮ ጸሐፊዎች ክብደቱን እስከ 30 ኪሎ ግራም ያደርሱት ነበር፤ በየቤተ መዘክሩ የሚገኙትን ቅሪቶች በመለካት በ2020 የታተመ ጥናት ግን አማካዩ ከ17 ኪሎ ግራም እንደማይበልጥ አሳይቷል። ይህም ማለት የመካከለኛ ውሻ ያህል ነበር ማለት ነው። ይህን ቁጥር በኋላ እንመለስበታለን።

ታይላሲን የታስማኒያ ብቻ አልነበረም። በጥንት ዘመን በመላው አውስትራሊያና በኒው ጊኒ ይኖር እንደነበር የሚመሰክሩት ከመሬት የሚወጡት አጥንቶች ብቻ ሳይሆኑ የጥንት ሠዓሊዎችም ናቸው። በሰሜን አውስትራሊያ በአርነም ላንድ ቋጥኞች ላይ በቀለም ተሥሎ፣ በምዕራብ ደግሞ በሙሩጁጋ ድንጋዮች ላይ ተፈልፍሎ ይገኛል። እነዚያ ሠዓሊዎች የእንስሳውን ጠባይ ምን ያህል አስተውለው እንደነበር የሚያስገርም ነው። ደረቁ ጅራት፣ በጀርባው ኋለኛ ክፍል ላይ ብቻ የሰፈሩት መስመሮች፣ የውሻ መሰሉ ራስ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ናቸው። በሐረርጌ በላጋ ኦዳ የድንጋይ ሥዕሎች ፊት የቆመ ሰው፣ ከብቶቹን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው እጅ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የአርነም ላንዱም እጅ እንደዚያው ነው። ከ1966 በፊት በዋናው ምድር ላይ ስለነበረው ታይላሲን ጠጉር የሚናገሩት እነዚህ ሥዕሎች ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት በናላርቦር ሜዳ በአንድ ዋሻ ውስጥ ከነቆዳው ደርቆ የተገኘው ሬሳ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ ሲሆን፣ ሠዓሊዎቹ አለመሳሳታቸውን አረጋግጧል። በዋናው አውስትራሊያ ታይላሲን የጠፋው ከዛሬ 3,200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ መምጣት፣ የአየር ጠባይ መለወጥ፣ የሰው ቁጥር መጨመር ለዚህ ምክንያት ሆነው ይጠቀሳሉ። ታስማኒያ ግን ከዚያ ብዙ ሺህ ዓመታት አስቀድሞ የባሕሩ ውኃ ከፍ ሲል ከዋናው ምድር ተለይታ ስለነበረ ዲንጎ አልደረሰባትም። በዚያች ደሴት አውሬውና ሰው አብረው ኖረዋል።

እንግሊዛውያን በ1803 ታስማኒያ ላይ ሰፈሩ። አውሬውን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው መግለጫ በ1808 የታተመ ሲሆን፣ ጸሐፊው የቅኝ ግዛቱ ምክትል ቀያሽ ጆርጅ ሃሪስ ነበር። ቀያሽ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ መሬቱ እየተለካ ለበግ አርቢዎች በሚከፋፈልበት ጊዜ በመሬቱ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ተመዘገበ። በ1825 በለንደን በንጉሥ ፈቃድ የተቋቋመው የቫን ዲመን ምድር ኩባንያ በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ሰፊ መሬት ተረክቦ በጎችን በመርከብ አጋዘ። የተመረጠው ደጋ ግን ዝናብና ብርድ የበዛበት ስለነበር በጎቹ በብዛት አለቁ። የዱር ውሾችም፣ የበግ ሌቦችም ነበሩ። ይሁንና ለንደን ለሚገኙ ባለአክሲዮኖች «መሬቱን ስንመርጥ ተሳስተናል» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «አውሬ ፈጀብን» ብሎ መጻፍ ይቀላል። ኩባንያው በ1830 የታይላሲን ራስ ለሚያመጣ ሰው ገንዘብ መክፈል ጀመረ።

ዓመቱን ልብ እንበል። በዚያው በ1830 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የደሴቲቱን ነባር ተወላጆች በሕይወት ይዞ ለሚያስረክብ ሰው ለአዋቂ 5 ፓውንድ፣ ለልጅ 2 ፓውንድ እንዲከፈል ዐወጀ። ከሁለት ዓመት በፊት በየካቲት 1828 በኬፕ ግሪም የዚያው ኩባንያ እረኞች ወደ 30 የሚጠጉ ተወላጆችን ገድለው ነበር። በ1828 ገዥው ጆርጅ አርተር የጦር ሕግ ዐውጇል፤ በ1830 ጥቅምት ወር ደግሞ ወታደሩ፣ ሰፋሪውና እስረኛው ተደባልቆ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ተወላጆቹን እንደ አደን እንስሳ ወደ አንድ ጥግ ለመንዳት ተንቀሳቅሰዋል። በሰውና በአውሬ ላይ የተከፈተው ይህ ዘመቻ አንድ መነሻ ነበረው፤ ይኸውም የበግ መሬት ነው። ነባሩ ሕዝብና ነባሩ አውሬ ሁለቱም በመሬቱ ላይ በመገኘታቸው ብቻ ወንጀለኞች ሆነዋል።

ኩባንያው የጀመረውን የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት በኋላ ሕግ አደረገው። በ1886 ጆን ላይን የተባለ በግ አርቢ የምክር ቤት አባል ያቀረበው ሐሳብ በአንድ ድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ከ1888 እስከ 1909 የታስማኒያ መንግሥት ለእያንዳንዱ አዋቂ ታይላሲን 1 ፓውንድ፣ ለግልገል 10 ሽልንግ ይከፍል ነበር። በመዝገብ የተከፈለባቸው 2,184 ናቸው። ሬሳውን ለኩባንያ ያስረከበ፣ ቆዳውን የሸጠ፣ ገድሎም ዝም ያለ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። በተለይ ከ1905 ወዲህ ለክፍያ የሚቀርቡት ቁጥር በድንገት አሽቆለቆለ። በዚያን ጊዜ የተዛመተ በሽታ እንደነበር፣ ጫካውም መመንጠሩ እንደጎዳው ይታመናል። ዋናው ነገር ግን ቀድሞውንም ጥቂት የነበረን አውሬ በዋጋ አስገድሎ በሽታና ረኀብ ሊቋቋም ከማይችልበት ደረጃ ማድረስ ነው።

ታይላሲን በእርግጥ በግ ይፈጅ ነበርን? እዚህ ላይ የሥነ ጥበብ ሰዎችን የሚመለከት አንድ ታሪክ አለ። በ1921 በአንድ የአውስትራሊያ ቤተ መዘክር መጽሔት ላይ ሄንሪ በረል ያነሣው ፎቶግራፍ ታተመ። ታይላሲን ዶሮ በአፉ ነክሶ ይታያል። ከዚያ በኋላ ይህ ሥዕል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት «የዶሮ ሌባው» ሕያው ማስረጃ ሆኖ ኖረ። ነገሩ ሲመረመር ግን ፎቶግራፉ ሲታተም ዳርና ዳሩ ተቆርጦ ነበር፤ ሙሉው ሥዕል አውሬው በአጥር ውስጥ መሆኑን ያሳያል። በ2005 ካሮል ፍሪማን የተባለች ተመራማሪ ባሳተመችው ጥናት ደግሞ አውሬው ሕያው አለመሆኑን፣ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ምስል እንደሆነ ተከራከረች። ዶሮዋም አፉ ላይ የተደረገችለት መሆኗ ነው። አንድ ምስል እንዲህ ከተዘጋጀ ከአዋጅ ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል፤ አዋጅ ቢያንስ የሚሻርበት ቀን አለው። በበጉም ረገድ ቢሆን፣ በ2011 የታተመ የመንጋጋ ጥናት የታይላሲን መንጋጋ እንደ በግ ያለ ትልቅ እንስሳ ሲታገል የሚደርስበትን ጫና ለመቋቋም የተሠራ አለመሆኑን፣ የሚያድነውም አነስተኛ እንስሳት እንደነበረ አመልክቷል። ከላይ የጠቀስነው የክብደት ልክም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው። አልፎ አልፎ በግ አልነካም ለማለት አይደለም፤ የኩባንያውን ኪሳራ ሊሸከም የሚችል አውሬ ግን አልነበረም።

አውሬው እየተመናመነ ሲሄድ ዋጋው ጨመረ። በመንግሥት መዝገብ ራሱ 1 ፓውንድ የነበረውን እንስሳ በ1926 የለንደን መካነ አራዊት በ150 ፓውንድ ገዛው። በ1917 ለታስማኒያ የተሰጣት ዓርማ ጋሻውን ግራና ቀኝ የያዙ ሁለት ታይላሲኖች አሉበት፤ በዚያን ጊዜ በጫካው ውስጥ ሁለቱን በአንድ ላይ ማግኘት አዳጋች ሆኖ ነበር። በግንቦት 1930 ዊልፍ ባቲ የተባለ ገበሬ ማውባና በተባለ ቦታ አንድ ወንድ ታይላሲን በጥይት ገደለ፤ ከዱር ተገድሎ በማስረጃ የታወቀው የመጨረሻው እሱ ነው። የደሴቲቱ መንግሥት አውሬውን ሙሉ በሙሉ ከአደን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣው ሐምሌ 10 ቀን 1936 ነበር። ከ59 ቀን በኋላ፣ መስከረም 7 ቀን 1936 ሌሊት፣ በሆባርት ቦማሪስ መካነ አራዊት ውስጥ የነበረው የመጨረሻው ታይላሲን ሞተ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምንለው ይህን ነው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የዚያ የመጨረሻ እንስሳ ሬሳ የት እንደደረሰ ለ85 ዓመታት አልታወቀም። ተጥሏል ተብሎ ተጽፏል፤ «ቤንጃሚን» የሚባል ወንድ ነበር ተብሎም ተተርኳል። በታኅሣሥ 2022 ሮበርት ፓድል የተባሉ ተመራማሪና የቤተ መዘክር ባለሙያዋ ካትሪን ሜድሎክ እውነቱን አወጡት። የመጨረሻው ታይላሲን ያረጀች ሴት ነበረች። ኤልያስ ቸርችል የተባለ አዳኝ በፍሎረንታይን ሸለቆ በወጥመድ ይዞ በግንቦት 1936 ለመካነ አራዊቱ ሸጣት። በወጥመድ መያዝ ሕገ ወጥ ስለነበር መካነ አራዊቱ ከየት እንዳገኛት አላስመዘገበም፤ ስትሞትም ሬሳዋ ወደ ሆባርቱ ቤተ መዘክር ሲተላለፍ በክምችት መዝገብ ሳይገባ ቀረ። ቆዳው ተለፍቶ፣ ዐፅሙ ተለያይቶ በአምስት ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ የትምህርት ክፍሉ ንብረት ሆነ። የክፍሉ ሠራተኞች ቆዳውን ይዘው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ ለተማሪዎች ያሳዩ ነበር። ዓለም የሚፈልገውን ቅሪት በእጃቸው የዳሰሱት ተማሪዎች ምን እንደዳሰሱ አላወቁም፤ ምስጢሩን ያወጣው በቤተ መዘክሩ የሞቱ እንስሳትን የሚያዘጋጀው ባለሙያ በ1936 እና በ1937 መካከል የሠራቸውን ሥራዎች የዘረዘረበትና ሳይታተም የቀረ ሪፖርት ነው።

እንግዲህ አንድ ተጠራጣሪ ቢነሣና «ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሬሳ ያላወቀ ቤተ መዘክር፣ ጫካ ውስጥ ስላለው ሕያው አውሬ እንዴት እርግጠኛ ይሆናል?» ቢል ንግግሩ ከባድ ነው። ለዚህ ተጠራጣሪ የበለጠ ኃይል የሚሰጠው ደግሞ የታስማኒያ መንግሥት ከዚያ በፊትም «ጠፋ» ብሎ መዋሸቱ ነው።

በ1876 ትሩጋኒኒ የተባለች ተወላጅ ሴት በሆባርት ስትሞት የታስማኒያ ነባር ሕዝብ ከነዘሩ አለቀ ተብሎ ለዓለም ተነገረ። ከጦርነቱ የተረፉት ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ፍሊንደርስ ደሴት ተግዘው፣ አብዛኞቹ በዚያ አልቀው፣ በ1847 ወደ ኦይስተር ኮቭ የተመለሱት 47 ብቻ ነበሩ። ትሩጋኒኒ ከሞትኩ በኋላ ሬሳዬ እንዳይቆራረጥ ብላ ለምና ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከመቃብር ወጥታ ዐፅሟ ከ1904 እስከ 1947 በሆባርቱ ቤተ መዘክር በመስታወት ውስጥ ቆሞ ታየ። አመዷ በውኃ ላይ የተበተነው በሞተች በመቶኛው ዓመት፣ በ1976 ነው። ሆኖም የመጨረሻዋ አልነበረችም። ፋኒ ኮክረን ስሚዝ በ1834 በፍሊንደርስ ደሴት ተወልዳ፣ 11 ልጆች ወልዳ፣ እስከ 1905 በሕይወት ኖራለች። ያው የቅኝ ግዛት ምክር ቤት በ1889 ለእሷ 300 ኤከር መሬት ሰጥቷል፤ ይህም የአውሬው የራስ ዋጋ መከፈል ከጀመረ በሁለተኛው ዓመት መሆኑ ነው። በ1899 እና በ1903 የእናቶቿን ዘፈኖች በሰም ጥቅል ላይ ዘፍናለች፤ የታስማኒያ ነባር ቋንቋዎች ሕያው ድምፅ ከዚያ በቀር አልተቀረጸም። የእሷ ልጆችና በባስ የባሕር ወሽመጥ ደሴቶች ላይ የኖሩት ቤተሰቦች ዘር ዛሬም አለ፤ በ2016 ቆጠራ በታስማኒያ ተወላጅ ነን ያሉት ከ23 ሺህ በላይ ነበሩ። ከጥንት መዝገቦች ተለቅሞ በታደሰው ፓላዋ ካኒ በተባለው ቋንቋቸው ታይላሲንን ካፓሩኒና ይሉታል። «አለቁ» የሚለው ወሬ ግን እስከ 20ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ድረስ በየመማሪያ መጻሕፍቱ ቆይቷል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ያለቀበት መሬት ጠያቂ የለውም።

የአንድ መዝገብ ሐሰትነት በሌላው መዝገብ ላይ ጥርጣሬ ማሳደሩ ተገቢ ነው። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። የነባሩን ሕዝብ መኖር ያረጋገጠው ቤተሰቡ፣ ስሙ፣ ዘፈኑ፣ የመሬት ክርክሩ ነው እንጂ የመንግሥት ውሸት ብቻ አይደለም። ለአውሬውስ ምን አለ?

ፍለጋው በ1937 ተጀመረ። በ1938 ሌላ ቡድን ወጣ፤ በ1945 እና በ1946 ዴቪድ ፍሌይ ፈለገ። ይህ ሰው በታኅሣሥ 1933 በሆባርት መካነ አራዊት ታይላሲንን በፊልም ያነሣና በፊልሙ ላይ ሳለ መቀመጫውን የተነከሰ ነው። የታስማኒያ ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ጋይለር ለብዙ ዓሥርት ዓመታት አልታከተም። ከ1968 እስከ 1972 ጄረሚ ግሪፊትና ጄምስ ማሊ፣ በኋላም የአውስትራሊያ አረንጓዴዎች ፓርቲ መሪ የሆነው ቦብ ብራውን ተጨምሮበት፣ ራሳቸው የሚያነሡ ካሜራዎች ተክለው ደሴቲቱን አሰሱ። ከሁሉም የሚጠቀሰው ግን በመጋቢት 1982 የሆነው ነው። ሃንስ ናርዲንግ የተባለ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ በሰሜን ምዕራብ ታስማኒያ ቶጋሪ አጠገብ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ሳለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ ባውዛውን ቢያበራ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ አውሬው ቆሞ አየ። ጀርባው ላይ 12 መስመር ቆጠረ። ካሜራውን ለማንሣት ሲንቀሳቀስ አውሬው ወደ ጥሻው ገባ፤ ዝናብ እየጣለ ስለነበር ዱካ አልተገኘም። የዕለት እንጀራው እንስሳትን መለየት የሆነ ሰው ቃል ስለሆነ መንግሥት ነገሩን በምስጢር ይዞ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ አስፈለገ። የተገኘ ነገር የለም። ታሪክ እንዲህ ያለ ምጸት አያጣምና፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ታይላሲንን ጠፍቷል ያለው በዚያው በ1982 ነው። የታስማኒያ መንግሥት በ1986 ተከተለው።

አለ የሚሉት ወገኖች ምሳሌ አያጡም። ከዳይኖሰሮች ጋር አልቋል የተባለው ሲላካንት የተባለ ዓሣ በታኅሣሥ 1938 ከደቡብ አፍሪካ ጠረፍ በመረብ ወጥቷል። በኒውዚላንድ ከ1898 ወዲህ ያልታየችው ታካሄ የተባለች ወፍ በ1948 በተራራ ሸለቆ ተገኝታለች። ከእኛም አገር አንድ ምሳሌ ልጨምርላቸው። በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ የሄዱ ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ በመኪና ተገጭታ ከሞተች ወፍ አንዲት ክንፍ አነሡ፤ ክንፏ ከሚታወቁት ወፎች ከአንዱም ጋር ባለመመሳሰሏ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተሰየመች። ሳይንሳዊ ስሟም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው።

ይህች ክንፍ ግን ክርክሩን በሌላ በኩል ትቆርጠዋለች። በነጭ ሳር ተሽከርካሪ እምብዛም በማያልፍበት መንገድ ላይ አንዲት የማትታወቅ ወፍ ተገጭታ ምስክር ትታለች። በታስማኒያ በየዓመቱ በመኪና ተገጭተው የሚሞቱት የዱር እንስሳት በመቶ ሺዎች ይገመታሉ። «የታስማኒያ ሰይጣን» የተባለው ሌሊት ሌሊት የሚንቀሳቀስ የታይላሲን ዘመድ በየመንገዱ ዳር ይገኛል። ከ1936 ወዲህ ግን አንድም የተገጨ ታይላሲን አልተገኘም፤ ቆዳ፣ አጥንት፣ ኩስ፣ ግልጽ ዱካ እንዲሁ። በ1983 ቴድ ተርነር የተባለው አሜሪካዊ ባለሀብት 100 ሺህ ዶላር፣ በ2005 ደግሞ «ዘ ቡለቲን» የተባለ መጽሔት 1.25 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አቅርበው የወሰደ የለም። አውሬው ብቻውን ሊኖር አይችልም። በ1982 አንድ ካለ አባትና እናት ነበሩት፤ ለእነሱም እንዲሁ፤ በትንሹም ቢሆን በብዙ አሥር የሚቆጠር መንጋ ለግማሽ ምእተ ዓመት ያለ አንዳች ቅሪት ሊኖር ይገባል። ያን ያህል መንጋ 68 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች፣ አዳኝና ካሜራ በሞላባት ደሴት ላይ አይሰወርም።

ታይላሲን በ1936 አላለቀም የሚለው ግን እውነት ይመስለኛል። በመካነ አራዊት አንዲት አሮጊት ሞተች ማለት በጫካው አንድም አልቀረም ማለት አይደለም። በታስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ባሪ ብሩክና ባልደረቦቹ ከ1910 ወዲህ የተመዘገቡ 1,237 የአየሁ ባይነት ቃሎችን በምስክሮቹ ማንነትና በቦታው እየመዘኑ በ2023 ባሳተሙት ጥናት፣ አውሬው ያለቀው ምናልባት በ1940ዎቹና በ1970ዎቹ መካከል እንደሆነ፣ እስከ 1990ዎቹ የመዝለቅ ዕድሉ ጠባብ ቢሆንም ፈጽሞ ዝግ እንዳልነበረ፣ ዛሬ ግን የመኖሩ ነገር እጅግ አነስተኛ መሆኑን ገልጸዋል። የመንግሥትን ምስክሮች ብቻ ሳይሆን የእንጨት ቆራጩንና የገበሬውንም ቃል ቆጥሮ የመዘነ በመሆኑ ይህን ጥናት ከሌሎቹ አስቀድመዋለሁ። ፍርዱ ከባድ ነው። የመጨረሻዎቹ ታይላሲኖች ያለቁት አዳኝ ሲያሳድዳቸው ሳይሆን ጥበቃ ሕጉ ከወጣ በኋላ፣ ማንም ሊጠብቃቸው በማይሄድበት ሸለቆ ውስጥ ነው። በ1937 የወጡት ፈላጊዎች ምናልባት አልዘገዩም ነበር፤ ፍለጋው በቂ ገንዘብና ጊዜ አላገኘም እንጂ።

ዛሬ የታይላሲን ሥዕል በቢራ ጠርሙስ፣ በመኪና ሰሌዳ፣ በክሪኬት ቡድን መለያ ላይ አለ። ቅሪቱን ከሞት ለማስነሣት የተነሡም አሉ። በ1999 በአውስትራሊያ ቤተ መዘክር የተጀመረው ሙከራ በ2005 ቆመ፤ በ2022 የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትና አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እንደገና ጀመሩት። ለመነሻ የመረጡት ዳናርት የተባለ፣ ክብደቱ 15 ግራም ያህል የሆነ አይጥ የሚያክል ባለ ኪስ እንስሳ ሲሆን፣ የዘር ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ ታይላሲን ለመለወጥ ያስባሉ። ቢሳካ እንኳ ማደንን የሚያስተምረው እናት የሌለው፣ ጫካውን የማያውቅ ፍጥረት ይሆናል።

በደሴቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ዘንድ የአየሁ ባዮች መዝገብ አልተዘጋም። በ2019 ለሕዝብ በተገለጸው ሰነድ መሠረት ከመስከረም 2016 እስከ መስከረም 2019 ስምንት ሪፖርቶች ገብተዋል። ከእነዚህ አንዱ በየካቲት 2018 ከምዕራብ አውስትራሊያ የመጡ ሁለት ጎብኚዎች የሰጡት ነው፤ አውሬው መንገዱን ሲያቋርጥ ዞር እያለ አይቷቸው እንደሄደ፣ ጅራቱም ደረቅ እንደነበር ተጽፏል።